ቀኙ ሲወጣ ግራው የት ነበር?

ባሕር ዳር ውስጥ የታዳጊ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ከጎንደር ከመጣ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። ገና ዕረፍት ሳንወጣ ሁለት ግብ ተቆጠረብን። ሁለቱም የመጡት በእኛ ቀኝ በኩል ነው።

የቀኝ መስመር ተከላካያችን ሩጫ የማይሰለቸው ልጅ ነው። ኳስ ስንይዝ የተጋጣሚ የማዕዘን ባንዲራ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። ስንነጠቅ ግን ከኋላው ያለው ሜዳ ባዶ ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ "ውጣ! ውጣ!" ይለዋል፤ ግብ ሲገባ ደግሞ "የት ነበርክ?" ብሎ ይጮኽበታል።

በዕረፍት ዋና አሰልጣኛችን ልጁን ከጓደኞቹ ፊት አቆሙት። "ከአሁን በኋላ የመሃል መስመሯን እንዳታልፋት!" ልጁ ክው አለ።

እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ባዶ ሃይላንዶች ሰብስቤ ሣሩ ላይ ደረደርኩና ሁለተኛዋን ግብ አሳየኋቸው። ቀኙ ወጥቷል፣ እሺ። በዚያው ቅጽበት ግራውም ወጥቷል። የተከላካይ አማካዩ ሳይቀር ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተሻጋሪ ኳስ ይጠብቃል። ከኋላ የቆሙት ሃይላንዶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱ የመሃል ተከላካዮች። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ስፋቱ 68 ሜትር ነው። ይህን ሁለት ልጅ እንዴት አድርጎ ይዘጋዋል?

"ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?" አሉኝ ዋና አሰልጣኙ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ዋንጫን ያነሳውን የብራዚል ቡድን አነሳሁላቸው። የቀኝና የግራ መስመር ተጫዋቾቹ ካፉና ሮቤርቶ ካርሎስ እንደልባቸው የሚወጡት አሰልጣኙ ስኮላሪ ሦስት የመሃል ተከላካዮች፣ ሉሲዮን፣ ኤድሚልሰንንና ሮኬ ጁኒየርን፣ ከኋላ ስላሰለፉ ነው። የተከላካይ አማካዩ ጊልቤርቶ ሲልቫም ከፊታቸው አለ። ሰው የሚያስታውሰው ወጪዎቹን ነው፤ እኔ ግን ዋንጫው የቀሪዎቹም ነው ባይ ነኝ። እኛ ሦስተኛ የመሃል ተከላካይ የለንም። ስለዚህ ቀኙ ሲወጣ ግራው ጠበብ ብሎ ወደ መሃል ይግባ፤ አማካዩም ከሳጥኑ ውጪ ይቁም።

ጆሮ ሰጡኝ። ልጁንም "ውጣ፣ ግን ኳስ ከተነጠቅን መስመሩን ይዘህ አትመለስ" አልኩት። መስመር ለመስመር የሚመለስ ተከላካይ የሚያሳድደው የአጥቂውን ጀርባ ነው። በሰያፍ ወደ ራሳችን ግብ ቅርቡ ቋሚ ከሮጠ ግን ኳሷ የምትሄድበት ቦታ ላይ ይጠብቃታል።

በሁለተኛው አጋማሽ እሱ ካሻማት ኳስ አንድ ግብ አገኘን። መልሶ ማጥቃታቸውም እንደቀድሞው አልሰመረላቸውም፤ ረጅሟ ኳስ ስትመጣ ግራው እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። ተሸነፍን።

ስንወጣ የግራ መስመር ተከላካዩ ሆድ ብሶት መጣ። "ኮች፣ እሱ እየወጣ እኔ ሁሌ ልቀር ነው?" ጥያቄው ልክ ነው። ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ኳሷ ያለችበት ጎን እንደሆነ ነገርኩት። ኳስ በግራ ስትሆን የሱ ተራ ነው፤ ያኔ ቀኙ ይቀራል። ለነገሩ አማካዩን ማሳመኑ ከሁለቱም ይብስ ነበር። ግብ አካባቢ ሽታው ሲመጣለት ማን ውጪ ይቆማል?

አሁን ለመስመር ተከላካይነት የሚሞክር ልጅ ሲመጣ ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ የማየው ኳስ በሌላኛው ጥግ ስትሆን ምን እንደሚሠራ ነው። አንገቱን እያዞረ ከኋላው ማን እንዳለ የሚያይ ከሆነ፣ መውጣቱን እኔ አስተምረዋለሁ።