አዳራሹን ከመከራየቴ በፊት ማን በነገረኝ

በሥራ ቀን ስቶክሆልም ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ የሐበሻ ሰርግ እቀርጻለሁ። ሰርግ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ ሙሽራዋ ትብራ! መብራቱን ፊቷ ላይ ለቀቅ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ባለፈው ዲሴምበር ግን ቀበጥኩ። የራሴን አጭር ፊልም ልሥራ አልኩ።

ታሪኩ ይህን ያህል አይደለም። አንዲት እናት፣ ከጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብላ የልጇን ስልክ ትጠብቃለች። ርዝመቱ ዘጠኝ ደቂቃ። ተዋናይዋ አክስቴ፣ ክፍያዋ ሁለት ኪሎ ቡና።

ያቀበጠኝ ስዊድናዊው የፊልም ካሜራማን ስቬን ኒክቪስት ነው። ለማታውቁት፣ በ1922 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ደቡብ ስዊድን ሞሄዳ ተወለደ። ወላጆቹ ኮንጎ ውስጥ ሚስዮናውያን ስለነበሩ ያደገው ዘመድ ዘንድ ነው። በ1941 በረዳት ካሜራማንነት ጀመረ፤ በኋላ የታዋቂው ስዊድናዊ የፊልም ዳይሬክተር የኢንግማር በርግማን ዓይን ሆነ። ሁለት ኦስካር አለው፤ አንዱ በ«ሹክሹክታና ጩኸት»፣ ሌላው በ«ፋኒና አሌክሳንደር»። እኔን የያዘኝ ግን ሽልማቱ ሳይሆን ፊቶቹ ናቸው። ካሜራው ይጠጋና ዝም ብሎ ሰው ያያል። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ግንባር ላይ አያብለጨልጭም።

በ1963 የወጣች «ቆራቢዎቹ» የምትባል ፊልም አለች። የስዊድንኛ ርዕሷ እንዲህ ነው፤ በእንግሊዝኛ «የክረምት ብርሃን» ይሏታል። ታሪኩ በኖቬምበር አንድ እሑድ፣ በእኛ ሰዓት ከ6 እስከ 9 ባለው ጊዜ ያልቃል። ከቀረጻው በፊት ኒክቪስትና በርግማን አንድ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ተቀመጡ። ብርሃኑ እንዴት እንደሚቀያየር አዩ። ኒክቪስት በየአምስት ደቂቃው ፎቶ ያነሳ ነበር።

ይህን አንብቤ የገባኝ ምን መሰላችሁ? «ሰውየው መብራት አይወድም።» መብራቶቼን ቤት ትቼ ወጣሁ።

አዳራሽ ማግኘቱ ቀላል ነበር። ኢሜይል ጻፍኩ፣ 900 ክሮነር ከፈልኩ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ተፈቀደልኝ።

እዚህ ጋ ቁሙልኝ። በዲሴምበር ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ከሰዓቱን በጨለማ አውቶቡስ የምነዳው እኔ ነኝ! ረፋድ ላይ ይደረግልኝ ብዬ ደወልኩ። የቢሮዋ ሴትዮ «አዳራሹ በቂ መብራት አለው» አለችኝ። አለው እኮ። ጣጣው ከዚያ ነው የመጣው።

ገና በሩን ስንከፍት የጣሪያው መብራት ሁሉ ቧ ብሎ በራ። ማጥፊያ ፈለግሁ። በሩ ጎን የለም፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ የለም፣ መጋረጃው ኋላ የለም። ለካ ሰው ሲንቀሳቀስ በራሱ የሚበራ ሴንሰር ነው። ጠባቂው ጋ ደወልኩ። ማጥፊያው ያለው የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለተከራይ አይከፈትም፣ ሰኞ ቢሮ ጠይቅ አለኝ። ሰኞ!

«ካልተንቀሳቀስንስ?»

«አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል።»

ቁጭ አልን። አክስቴ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከካሜራው ኋላ፣ ድምፅ የሚይዝልኝ የጎረቤት ልጅ መሬት ላይ። ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደረቅን። መብራቱ ድርግም ሲል በመስኮቱ የቀረው ብርሃን፣ እውነቴን ነው፣ ልብ ይበላል። ግራጫ፣ ለስላሳ፣ የአክስቴን አንድ ጉንጭ ብቻ ዳብሶ የሚቀር። መቅረጽ ጀመርኩ። አክስቴ እንደተባባልነው ነጠላዋን አስተካከለች።

ቧ!

እንደገና አሥር ደቂቃ። «እጅሽን ተይው፣ ዓይንሽን ብቻ አንሺ» አልኳት። ዓይኗን አነሳች። መብራቱ አልነቃም! አንድ ደቂቃ ያህል ቀረጽኩ፤ ከዚያ አስነጠሳት። «ውይ፣ ይቅር በለኝ ልጄ» ስትል ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። በሦስተኛው ዙር መስኮቱ ሰማያዊ ሆኗል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ሰቅዬ ቀረጽኩ። ቤት ገብቼ ሳየው ምስሉ ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። በጣሪያው መብራት የቀረጽኩት ደግሞ አክስቴን አረንጓዴ አድርጓታል። አይታው «ያን ቀን አሞኝ ነበር እንዴ?» አለች።

ገንዘቤን መልሱ ብዬ ጻፍኩ። «አዳራሹን ተጠቅመህበታል» አሉኝ። አሁንም ያንገበግበኛል።

ከሁሉ ያበገነኝ ግን ኋላ ያነበብኩት ነው። የ«ቆራቢዎቹ» ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ስቱዲዮ ውስጥ የተገነባ ነው! ያ የደመና ብርሃን ሁሉ የመብራት ሥራ ነው። መብራቱን ሰው ላይ ሳይሆን ነጭ ነገር ላይ እያነጠረ፣ እያለሰለሰ። እውነተኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀመጠው ብርሃኑን ሊሸመድድ ነበር። እኔ መሸምደዱንም መብራቱንም ትቼ ስሙን ብቻ ይዤ ሄድኩ።

አንድ ነገር ትንሽ አጽናናኝ። በ1986 የወጣውን የሩሲያዊውን ዳይሬክተር የታርኮቭስኪን «መሥዋዕት» የተባለ ፊልም የቀረጸው ኒክቪስት ነው። ጎትላንድ ደሴት ላይ ቤት ሲቃጠል በመሃል ካሜራው ተበላሸ፤ ቤቱ ነድዶ አለቀ። ቤቱን መልሰው ሠርተው መልሰው አቃጠሉት። ለእኔ ግን አዳራሹን መልሶ የሚከራይልኝ አልተገኘም።

ስለዚህ ታሪኩን ወደ ወጥ ቤቴ አመጣሁት። ጃንዋሪ ላይ አንድ እሑድ ካሜራ ሳልነካ ቁጭ ብዬ በየአሥር ደቂቃው በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። የምፈልገው ብርሃን ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ነው። በሚቀጥለው እሑድ በዚያች ሰዓት ክፍሉ በሙሉ የሚታይበትን ሰፊውን ምስል ቀረጽኩ። የቀረውን የፊት ቀረጻ በአንድ የሰርግ መብራት ጨረስኩ፤ ግድግዳው ላይ የወጠርኩት አንሶላ ላይ አንጥሬ። መስኮቱ ሲበረታብኝ የአክስቴን ነጠላ ለጠፍኩበት። በስንት ሺህ ክሮነር ከሚሸጠው ማለስለሻ ጨርቅ ነጠላ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም።

በየኮርሱ «ሦስት መብራት ትከል» ይሏችኋል። ለዜና አንባቢ ይሁን። «በዲሴምበርና በጃንዋሪ አትቅረጽ» የሚሉትንም አልሰማም። ሰማዩ ሲደምን ራሱ ትልቅ አንሶላ ነው፤ አጭር ነው እንጂ እንዲህ ያለ ብርሃን በበጋ አይገኝም። አዳራሽ የግድ ከሆነባችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት በምትቀርጹበት ሰዓት ገብታችሁ ተቀመጡ። ማጥፊያውንም በእጃችሁ ንኩት።

ፊልሙ ሰባት ደቂቃ ሆኖ አለቀ። አክስቴ አየችውና ስለ ትወናዋ ምንም አላለችም። «ነጠላዬ ጥለቱ ላይ ፕላስተር ተጣብቆበታል፤ አስለቅቀህ አምጣ» አለችኝ። እስካሁን አልለቀቀም።