የሆኪ ቡድኑ ሰፈራችን ሊመጣ ነው ሲባል፣ እና የመምህራችን 3 ደቂቃ

ሰሞኑን አንድ አብሮ አደጌ ከካዛንቺስ ቮይስ ላከልኝ። "ስማ፣ እናንተ ሰፈር ትልቅ ስታዲየም እንሥራላችሁ ሲሏችሁ እምቢ ብላችሁ መለሳችኋቸው አሉ፣ እውነት ነው? ምን ነካችሁ? እኛ እዚህ ብሔራዊ ቡድናችን መጫወቻ አጥቶ በሰው አገር ይንከራተታል፣ እናንተ የመጣላችሁን ትመልሳላችሁ!" ይላል። ቀጥሎ ደግሞ "ለመሆኑ ሆኪ ምንድነው? አንተስ ምን አገባህ?" ብሎ ጨመረበት። በቮይስ ልመልስለት ብዬ ብሞክር አልወጣልህ ስላለኝ ነው እዚህ የምጽፈው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

በአንድ ነገር ልክ ነው፣ ስታዲየም የናፈቀው ሰው ነው። የባሕር ዳር ስታዲየም በካፍ ከታገደ ወዲህ ዋልያዎቹ "በሜዳችን" የሚባለውን ጨዋታ ማላዊና ሞሮኮ እየሄዱ ሲጫወቱ አይተናል። ጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 የረታናት እኮ ሊሎንግዌ ላይ ነው፣ ደስታው እንዳለ ሆኖ እኔ ያን ቀን ይሄ ጎል አዲስ አበባ ቢገባ ኖሮ እያልኩ ነው የዋልኩት። አደይ አበባም ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል ተብሎ ተጀምሮ ስንት ዓመት እንደጠበቅነው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስታዲየም የምጠላ ሰው አይደለሁም።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ የምሠራው ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ ቻይናታውን፣ ካፒታል ዋን አሪና የሚባለው ጣሪያ ያለው ስታዲየም አካባቢ ካሉት ፓርኪንጎች በአንዱ። የዲሲ ፓርኪንግ ያለ ሐበሻ እንደማይንቀሳቀስ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አሪናው በ1997 ነው የተከፈተው፣ ያኔ ኤምሲአይ ሴንተር ነበር የሚባለው። የዛን ጊዜው ባለቤት ኤብ ፖሊን ቡድኖቹን ከላንዶቨር ሜሪላንድ አንስቶ መሐል ከተማ አስገባቸው፣ ሕንፃውንም በአብዛኛው በራሱ ገንዘብ ነው ያሠራው፣ ይቺን ነገር ያዙልኝ። እዛ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ቡድን አለ፣ በቅርጫት ኳስ ዊዛርድስ፣ በሆኪ ካፒታልስ። ሆኪ ማለት በረዶ ላይ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ በዱላ እየመቱ ጎል ማስገባት ነው፣ የገና ጨዋታ ያየ ሐበሻ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ እኛ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እንላለን፣ እነሱ ግን ሁለት ጎረምሶች ጓንታቸውን ጥለው ሲቦቃቀሱ ዳኛው ቆሞ ያያቸዋል፣ ሲበቃቸው 5 ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፣ ሕዝቡም በደስታ ያብዳል። መጀመሪያ ሳየው የሰው ልጅ ሲደባደብ ገላጋይ ይጠፋል? ብዬ ደንግጫለሁ። ግን በ2018 የካፒታልሶቹ እነኦቬችኪን የሆኪውን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ሲያነሱ ቻይናታውን በቀይ ማሊያ ተጥለቅልቆ የማላውቀው ፈረንጅ ሁሉ እያቀፈኝ ነበር፣ እኔም የራሴ ቡድን ያሸነፈ ነው የመሰለኝ። አሁንም የኔ ቡድን ነው።

እንግዲህ ዲሴምበር 2023 ላይ የቡድኖቹ ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስና የቨርጂኒያው ገዥ ግሌን ያንግኪን አብረው ቆመው ሁለቱንም ቡድኖች ወደ ፖቶማክ ያርድ፣ ማለትም ወደኛው አሌክሳንድሪያ፣ ልናመጣ ነው አሉ። 2 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ፣ በ2028 የሚከፈት። 30 ሺህ ሥራ ይፈጥራል፣ 12 ቢሊዮን ዶላር ያንቀሳቅሳል ተባለ። የዲሲ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ደግሞ አትሂዱብኝ ብላ በዋዜማው 500 ሚሊዮን ዶላር ለእድሳት አቅርባ ነበር። እኛ ወሬውን የሰማነው መኪናውን ሊያወጣ ከመጣ ደንበኛ ነው። ሥራችን አገር ሊለቅ ሲል አንድ ሰው አልነገረንም፣ ቲፕ ሰጥቶን "ጉድ ላክ" ብሎን ሄደ።

ከዛ በኋላ የሐበሻ ካፌ ሁሉ ሌላ ወሬ የለውም። ኡበር የሚነዱት "ይምጣ፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር ሥራ አለ" ይላሉ፣ የፓርኪንግ ልጆች "እኛስ ምን ልንሆን ነው" ይላሉ፣ ዲሲ ምግብ ቤት ያለው "ሰፈሩ ከኮቪድ ወዲህ ቀዝቅዟል፣ እነሱ ከሄዱ ጭራሽ ይሞታል" ይላል። ቤት የገዙት ደግሞ ሩት ዋን የሚባለው ዋናው መንገዳችን እንደሆነ አሁንም አላሳልፍ ብሏል፣ 20 ሺህ ሰው ሲጨመርበት በምን እንወጣለን ይላሉ። ፈረንጆቹ ጎረቤቶች በየግቢያቸው ሣር ላይ "አሪና አንፈልግም" የሚል ሰሌዳ ተከሉ። በዚህ አደንቃቸዋለሁ። እኛ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደብን ስንከራከር እናመሻለን፣ እነሱ ግን ሰሌዳ ይተክላሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ስብሰባ ላይ ይገኛሉ።

እኔ መጀመሪያ ላይ ለሁለት ተከፍዬ ነበር፣ ምክንያቱም ሥራዬ ከቤቴ በአውቶቡስ ሊደረስበት ነው። ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሆኪው ያኔ በዓመት በሜዳው የሚጫወተው 41 ጨዋታ ነበር፣ ቅርጫት ኳሱም 41፣ ተደምሮ 82 ማታ፣ ኮንሰርቱንና ሌላውን ጨምሩበት፣ ከ365 ስንቱ ነው? በቀረው ቀን ያ ሁሉ "ሥራ" የት ነው የሚውለው? የአሪና ሥራ ማለት አብዛኛው ዝግጅት ሲኖር ና፣ ሳይኖር ቤትህ ተቀመጥ ነው፣ ሺፍት ቆጥረው ይሰጡሃል፣ የጤና ኢንሹራንስ ለማግኘት የሚበቃ ሰዓት አይሞላልህም። እዚሁ ስለምውል አየዋለሁ፣ ፋንዲሻ የምትሸጠው እህታችን ቀን ሌላ ቦታ ትሠራለች፣ ጽዳት ላይ ያለውም እንደዛው። ገንዘቡ ደግሞ ከየት ነው? ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላዩ በመንግሥት ቦንድ ሊሸፈን ነበር የታሰበው፣ ቦንዱ ከአሪናው ታክስ ይከፈላል ይባላል፣ ገቢው ከጎደለ ግን ዕዳው ዞሮ ወደ ግዛቱና ወደ ከተማው ነው፣ ማለት ወደኔና ወደ ጎረቤቴ። እዚህ አገር ስመጣ የተነገረኝ የመጀመሪያ ነገር "ማንም ምንም አይሰጥህም፣ ራስህን ቻል" የሚል ነው። ፖሊንም በራሱ ገንዘብ ሠራ፣ የዛሬ ቢሊየነር ግን ሕንፃ እንድንሠራለት ሲጠይቅ ነውር አይደለም፣ ስብሰባ ይጠራለታል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። በሕንፃችን የሚኖሩ አንድ አባት አሉ፣ ደሴ አርባ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ያስተማሩ፣ ሁላችንም መምህር ነው የምንላቸው፣ ልጃቸው ነች ያመጣቻቸው። በዚሁ ጉዳይ አንድ የሰፈር ስብሰባ ሲጠራ "እኔም የምለው አለኝ" ብለው ተመዘገቡ። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ የሚሉትን መስመር ባለው ወረቀት ላይ በዛች በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ጽፈው መጡ። አንዲት ልጅ ልታስተረጉምላቸው አጠገባቸው ቆመች። የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው፣ ፊት ለፊት መብራት አለ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

መምህር እንደ ደንባችን ጀመሩ። እንደምን አመሻችሁ አሉ። ስለተሰጣቸው ዕድል አመሰገኑ፣ የተሰበሰቡትን በዕድሜ በማዕረግ አከበሩ፣ ማን እንደሆኑ ከየት እንደመጡ ተናገሩ፣ ይህች አገር ልጃቸውን ስለተቀበለችላቸው እግዚአብሔር ይባርካት አሉ። ልጅቷ እያንዳንዷን ትተረጉማለች፣ ሰዓቱም የሳቸውን ብቻ ሳይሆን የሷንም ይቆጥራል። ማለት ለፈረንጁ 3 ደቂቃ ነው፣ ለኛ አባት አንድ ተኩል። ገና "ወደ ጉዳዬ ስገባ" እንዳሉ ቀዩ በራ፣ ማይኩ ተዘጋ፣ "ታንክ ዩ ሰር፣ ኔክስት" ተባለ። እሳቸው መዘጋቱን አላወቁም። ወረቀታቸውን ወደ ብርሃን አዙረው ማንበብ ቀጠሉ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በዛች ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ በምታሰኘው ድምፅ። ሰዉ አንገቱን ደፋ። አንድ ወጣት መጥቶ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ወንበራቸው መራቸው። ሲቀመጡ ወደኔ ዞረው "ጨረስኩ እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

ምን ይባላል? በዕድር ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሲናገር ማን ነው አፍ የሚያስይዝ? እኛ ልክ አይደለንም በዛም በኩል፣ ሰው ሲናገር አንድ ሰዓት እየፈጀ ቁም ነገሩ ሳይደርስ ሌሊት የሆነበት ዕድር አውቃለሁ፣ ግን የሽማግሌ ቃል ከአፉ ላይ አይቆረጥም። ደግሞ የተናደድኩት በደንቡ አይደለም፣ ደንብ ደንብ ነው፣ የትርጉሙን ጊዜ ከሳቸው ላይ መቁጠራቸው ነው። ያም ሳይበቃ ከሳቸው ቀጥሎ የተነሳው ሰውዬ ስለ ሆኪ ትዝታው አውርቶ ሲጨርስ ተጨበጨበለት።

ያችን ወረቀት ለምኜ ወስጃት አንብቤያታለሁ። የጻፉት ሦስት ነገር ነው። የፖቶማክ ያርድ ሜትሮ በ2023 ሲከፈት የሰፈሩ ቤት ዋጋ ከፍ አለ፣ አሪናው ሲጨመርበት ኪራይ የማንችል ሰዎች የት እንድንሄድ ታስቧል? ይላሉ። ሥራ ይገኛል ያላችሁት በሳምንት ስንት ሰዓት ነው፣ ሕክምናስ አለው? ይላሉ። ገንዘቡ ቢጎድል የትኛው ይቀነሳል፣ ትምህርት ቤቱ ነው አውቶቡሱ? ይላሉ። ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ከተከራከሩት ስንቶቹ ናቸው ይሄን የጠየቁት!

ደግነቱ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ የጠየቀች ሴት ነበረች። የግዛቱ ሴኔት የገንዘብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሉዊዝ ሉካስ፣ ያኔ የ80 ዓመት እናት፣ በወጣትነቷ ኖርፎክ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ የሠራች፣ ነገሩን በገዥው ስም "ግሌን ዶም" ብላ ስም አውጥታ የሕዝብ ገንዘብ ለቢሊየነር አላስይዝም አለች፣ ለኮሚቴዋም ሳታቀርበው ቀረች። ማርች 27፣ 2024 አሌክሳንድሪያ ድርድሩ አልቋል አለች፣ በዛው ቀን ባውዘርና ሊዮንሲስ ዲሲ ላይ ፈረሙ፣ 515 ሚሊዮን ዶላር ለእድሳት፣ ቡድኖቹ እስከ 2050 ቻይናታውን። የኔም ሥራ ተረፈ። ለአብሮ አደጌ መልሱ ይሄ ነው፣ ጠግበን አይደለም የመለስነው፣ ሒሳቡ ማን ላይ እንደሚወድቅ ስላየን ነው። ዲሲም ብትሆን ያወጣችው የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ እዛ ያላችሁ በነፃ የቀራችሁ እንዳይመስላችሁ።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ዲቪ የደረሳችሁም፣ አንድ ነገር ስሙኝ። እንግሊዝኛ ተማሩ ሲሏችሁ ሰዋስው ብቻ አይደለም፣ ጉዳያችሁን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መናገር ተማሩ፣ ምስጋናውን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ለኛ ብልግና ይመስላል እዚህ ግን ሌላ መንገድ የለም። ሽማግሌ ይዛችሁ ስብሰባ ከሄዳችሁ ቀድማችሁ በጽሑፍ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የትርጉሙ ጊዜ እንዳይቆጠርም ጠይቁ። ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለ፣ አማርኛ ይገባበታል፣ አሌክሳንድሪያም በአማርኛ ወረቀት ታወጣለች፣ አለመጠየቃችን ነው። ዜግነት የሚገባችሁም ቶሎ ጨርሳችሁ ምረጡ፣ "ለኔ ፖለቲካ ምኔ ነው፣ ሠርቼ ልግባ" የምትሉትን አውቃችኋለሁ፣ ሥራችሁን አንስተው ወንዝ የሚያሻግሩት እኮ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ሥራ ሲሰጣችሁም በሰዓት ስንት ብቻ አትበሉ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ የዲሲ ካውንስል በ2025 የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑን ኮማንደርስን ወደ ድሮው አርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ የሚመልሰውን አዲስ ስታዲየም አጽድቋል፣ 65 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ በ2030 ይከፈታል የተባለው። ከከተማው የሚወጣው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ቤኒንግ ሮድና ኤች ስትሪት አካባቢ ያላችሁ፣ ፓርኪንጉን ማን እንደሚይዘው፣ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ኪራያችሁ ምን እንደሚሆን የሚጠየቅበት ጊዜ አሁን ነው። መምህር የመምህርነታቸውን ሌላ ወረቀት ጽፈዋል፣ በዚህ ጊዜ እንግሊዝኛውን እኔ አዘጋጅላቸዋለሁ፣ ዲሲ ነዋሪ ሆኖ ስብሰባው ላይ የሚያነብልን ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ።