የአባቴ መኪና ባትሪ

ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ሦስት ሳምንት የቆመችውን የአባቴን መኪና ላስነሳ ቁልፉን ባዞር «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። ባትሪው ሲለካ 11.9 ቮልት! ሙሉ ቢሆን 12.6 ገደማ ባሳየ ነበር።

የሠፈራችን ኤሌክትሪሺያን «ልጄ፣ ባትሪ ባዶውን ከከረመ ውስጡ ባለው የእርሳስ ብረት ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ከዚያ ወዲያ እንደልብ ቻርጅ አይቀበልም» አሉኝ። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፋጥነዋል። ጫፎቹ ላይ የበቀለውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጠቡ፤ የጎደለውን የተጣራ (ዲስቲልድ) የባትሪ ውሃ ጨመሩ። ከዚያም ሲሞላ ኃይሉን ራሱ በሚቀንስ ቻርጀር ላይ አዋሉት። እንዲህ ያለ ቻርጀር ብዙ ለሚቆም መኪና ይጠቅማል፤ እኔም ልገዛ ቆርጫለሁ።

ማታ ሞተሩ ተነሣ። አባቴ ድምፁን ሰምቶ ወጣና ኮፈኑን በመዳፉ ዳበሰው።