ካቤርኔና ሜርሎ በሲሪንጅ፦ ከደሴ የወይን ቅምሻ ማስታወሻ

ሰሞኑን ቦርዶ ላይ ነኝ፤ በአካል ሳይሆን በብርጭቆ። ቀይ ወይን እየቀመስን መማር ከጀመርን ወዲህ ከአገር አገር ስንዘል ነበር፤ አንዴ ደቡብ አፍሪካ፣ አንዴ ጣልያን፣ ከዚያ ተመልሰን የኛው ጉደር። እንደዚያ ሲሆን ስም ይሸመደዳል እንጂ ምላስ ምንም አይዝም። ስለዚህ አንድ ነገር ይዤ እስኪገባኝ ልቆይበት አልኩ። የመረጥኩት ካቤርኔ ሶቪኞን የሚባለው ቀይ የወይን ዝርያ የሚበዛበትን የቦርዶ ቅልቅል ነው። ደሴ ላይ የዚህ ቅልቅል አገር ከሆነው ከሜዶክ የመጣ እውነተኛ ጠርሙስ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ግን መላ አለው።

መጀመሪያ አገሩን እንያዝ። ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ ነው። ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ዢሮንድ የሚባል ሰፊ የወንዝ አፍ ይሠራሉ። ወይን አዋቂዎቹ «ግራ ዳር» እና «ቀኝ ዳር» የሚሉት ፊታቸውን ውሃው ወደሚፈስበት አዙረው ነው። ግራው ሜዶክ ነው፤ ፖያክ፣ ማርጎ፣ ሳን ዡልየን፣ ሳንቴስቴፍ የሚባሉት ስመ ጥር ቦታዎች እዚያ ናቸው። ቀኙ ሳንቴሚልዮንና ፖምሮል። ልዩነታቸው አፈሩ ላይ ነው። ግራ ዳር ጠጠር ነው፣ ወንዙ በረጅም ዘመን ከተራራ እየጠረገ ያወረደው ጠጠር። ውሃ አይቋጥርም፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ግን ይዞ ያመሻል። ካቤርኔ ዘግይቶ የሚበስል ፍሬ ነውና ይህችን ሙቀት አጥብቆ ይፈልጋታል። ቀኝ ዳር ሸክላማ አፈር ይበዛል፤ እሱ እርጥብና ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀድሞ ለሚደርሰው ለሌላው ቀይ ዝርያ፣ ለሜርሎ፣ ይስማማል። ሜዶክ ራሱ ድሮ ረግረግ የበዛበት አገር ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቦይ ቆፍረው ውሃውን ያንጣፈፉት የሆላንድ መሐንዲሶች ናቸው፤ እነሱ ባይመጡ ዛሬ ስሙን የምንጠራው ብዙው ማሳ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለምን ይቀላቅላሉ? እኔ ለጣዕም ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ጣዕሙም እውነት ነው፣ እመለስበታለሁ። ግን ሥሩ የአየር ጠባይ ነው። ሜርሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ የሚያዝያ ውርጭ ቢወርድ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ካቤርኔ ዘግይቶ ስለሚያቆጠቁጥ ከውርጩ የመትረፍ ዕድል አለው፤ በምትኩ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ዝናብ ከመጣ ሳይበስል ይቀራል። ሁለቱንም የተከለ ሰው አንዱ ቢከዳው አንዱ አለው። ስንዴና ገብስ ደባልቆ የሚዘራ የወሎ ገበሬ ይህን ለማስረዳት ማንንም አይፈልግም። ውርጩ ደግሞ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1956 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የወረደው ብዙ የወይን ሐረግ ከነሥሩ ገድሏል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ሲተከል ሜርሎ በብዛት ገባ። በሚያዝያ 2017ም ብዙ ማሳ እንደገና ተመታ።

ከዚህ አንድ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ብዙ ሰው «ቦርዶ ማለት ካቤርኔ» ይላል። ቦርዶ ውስጥ በብዛት የተተከለው ቀይ ወይን ግን ሜርሎ ነው። ስለዚህ መለያው ላይ «ቦርዶ» ብቻ የሚል ርካሽ ጠርሙስ ካገኛችሁ ውስጡ ሜርሎ የሚበዛበት ነው ብላችሁ ጠብቁ። ካቤርኔ የሚበዛበትን ከፈለጋችሁ «ሜዶክ»፣ «ኦ ሜዶክ» ወይም ከላይ ከጠራኋቸው መንደሮች የአንዱን ስም ፈልጉ። የፍሬውን ስም መለያው ላይ መፈለግ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ እነሱ የሚጽፉት ቦታውን ነው። ከሁለቱ ሌላ ካቤርኔ ፍራን፣ ፔቲ ቬርዶና ማልቤክ በትንሽ በትንሹ ይገባሉ። በ2021 ደግሞ ሙቀቱ እየጨመረ ስለመጣ አራት አዳዲስ ቀይ ዝርያዎች ተፈቅደዋል፤ አንዱ የፖርቱጋሉ ቱሪጋ ናስዮናል ነው፤ ከቅልቅሉ 10 በመቶ እንዳያልፉ ተብሎ።

ስለ ታዋቂው የቦርዶ ወይን ቤቶች የ1855 ደረጃ ብዙ አልልም። ናፖሊዮን 3ኛ ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን ብሎ አዘዘ፣ የወይን ደላሎቹ በገበያ ዋጋ መሠረት አምስት ደረጃ አወጡ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ለውጥ ሙቶን ሮትሺልድ የሚባለው ቤት በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማለፉ ነው። ደላላ ያወጣው ደረጃ ይህን ያህል ዘመን ሲቆይ ሳይ ትንሽ ይገርመኛል። ለኛ ለተማሪዎች ግን ምንም አያደርግልንም፤ እነዚያን ጠርሙሶች የምንከፍታቸው አይመስለኝም።

እሺ፣ መላው ይኸው። የዝዋዩ ወይን ፋብሪካ «ሪፍት ቫሊ» በሚል ስም ካቤርኔን፣ ሜርሎንና ሲራን (ሲራም ሌላ ቀይ ዝርያ ነው) በየብቻ ጠርሙስ ይሸጣል። ሦስቱንም ገዛን። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ገዛን፣ ብርጭቆዎቹን ቁጥር ለጠፍንባቸውና ራሳችን መቀላቀል ጀመርን። ሙሉ ብርጭቆ አያስፈልግም። 50 ሚሊ ይበቃል፤ 35 ካቤርኔ፣ 15 ሜርሎ ብትሉ 70 በ30 ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ያስተማረኝ ነገር የለም። መጽሐፍ ላይ «ሜርሎ ካቤርኔን ያለሰልሰዋል» የሚለውን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አንብቤ አልፌዋለሁ።

መጀመሪያ ካቤርኔውን ብቻውን። ሲገባ ጥቁር ፍሬ፣ ከዚያ መሃል ላይ ባዶ ነገር አለው፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ድድንና ጉንጭን ያደርቃል። ይህ ድርቀት ታኒን ነው። የካቤርኔ ፍሬ ትንሽ ነው፣ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ዘሩም ከሥጋው አንጻር ትልቅ ነው፤ ታኒኑም ቀለሙም ከቆዳና ከዘር ስለሚወጣ ነው እንዲህ የሚበረታው። ሜርሎው ብቻውን ደግሞ ክብ ነው፣ መሃሉ ሙሉ ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል። 70 በ30 ሲሆኑ ያ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ተሞላ። የምሬን ነው፣ ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ተያየን። 50 በ50 ስናደርገው ግን ለኔ ምላስ ሁለቱም ጠፉ፤ ለስላሳ ሆነ፣ መልክ አልነበረውም። አንዷ ጓደኛችን አይደለም ትላለች፣ እሷ እኩል በእኩሉን ነው የወደደችው። ተከራክረን አልተስማማንም።

ከዚያ በ70 በ30ው ላይ ጥቂት ሲራ ጠብ አደረግንበት። ይህን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። ድሮ የቦርዶ ነጋዴዎች ወይናቸው ሲቀጥንባቸው ከሮን ሸለቆ የኤርሚታዥ ሲራ እያመጡ ያጠነክሩበት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በይፋ የሚሠራና እንዲያውም የሚወደስ ነገር ነው። ዛሬ በቦርዶ ስም ለሚሸጥ ወይን ክልክል ነው። ደሴ ላይ ግን ከልካይ የለብንም። 10 በመቶ ሲገባ ቀለሙ ጠቆረ፣ ቁንዶ በርበሬ የሚል ሽታ መጣ። ከዚያ ካለፈ ሲራው ቤቱን ይወርሳል።

ስለ ሽታ ካነሳን፣ ከመካከላችን ምርጡ አፍንጫ ያለው ጭራሽ የማይጠጣው ልጅ ነው። ቤተሰቡ አራዳ ላይ ቅመም ይነግዳል፣ እሱም ያደገው እዚያው ነው። ለጨዋታው ነው የሚመጣው፤ ሻዩን ይዞ ይቀመጣል፣ ብርጭቆ ስናስጠጋለት ያሸትና ይናገራል። ካቤርኔውን አሽትቶ ወዲያው «የፈረንጅ ቃሪያ» አለ። ማንም አልነገረውም። ይህ ሽታ ፒራዚን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ፍሬው በደንብ ሳይበስል ሲቀር ይበዛል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይቀንሳል። ካቤርኔ ሶቪኞን የካቤርኔ ፍራንና የነጩ ሶቪኞን ብላን ዲቃላ መሆኑ በዘረመል ምርመራ የታወቀው በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ሶቪኞን ብላንም ያው የቃሪያ ሽታ አለው። ቀዩ ልጅ ከነጭ እናቱ የወረሰው ሊሆን ይችላል። ወይም ከነጭ አባቱ።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር የመጣው ከቦታ ነው። ያንኑ ቅልቅል ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛችን ቤት ደግመን ሠራነው፤ ተመሳሳይ ጠርሙስ፣ ተመሳሳይ ልኬት። ሌላ ወይን ሆነ! ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ስትወርዱ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ነው የምትገቡት፤ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ጃኬት ግን ታወልቃላችሁ። ደሴ በክረምት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ወይን ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ ሲሆን ታኒኑ ይከርራል፣ ፍሬው ይደበቃል። ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይሞቅና አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይወጣል፣ ወይኑም የላላ ይመስላል። ለእንዲህ ያለ ቀይ ወይን የሚመከረው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የደሴ ሰዎች፣ ብርጭቆውን በእጃችሁ ይዛችሁ ጥቂት አሙቁት፤ የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ከመክፈታችሁ በፊት ለሃያ ደቂቃ ያህል ፍሪጅ አስገቡት። «ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ምክር የማን ቤት እንደሆነ አይናገርም።

ዝዋይን ካነሳሁ ትንሽ ልጨምር፤ ምክንያቱም ከቦርዶ ጋር ያለው ዝምድና የስም ብቻ አይደለም። የወይን ፋብሪካውን ያቋቋመው ካስቴል በ1949 ቦርዶ ውስጥ የተመሠረተ የቤተሰብ ኩባንያ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለው የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካም የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ፋብሪካውን እያዩ የሚያልፉት የኮምቦልቻ ልጆች ሳያውቁት የቦርዶ ጎረቤት ናቸው። የዝዋይ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች የወጡት በ2014 ነው። ማሳው ዙሪያ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሯል፤ ሜዶክ እንዲህ ያለ ችግር የለም። ትልቁ ልዩነት ግን ወቅቱ ነው። ቦርዶ ሐረጉ በብርዱ ወራት ይተኛል፣ ሰኔ ያብባል፣ መስከረምና ጥቅምት ይለቀማል፤ በበጋቸው ቀኑ ከ15 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ዝዋይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ የሚያስተኛው ብርድም የለም። ስለዚህ ሐረጉን የሚቀሰቅሰው የገራዡ መቀስ ነው፤ መቼ እንደሚለቀም የሚወሰነው መቼ እንደተገረዘ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የሪፍት ቫሊን ካቤርኔ «የፈረንሳዩን አይመስልም» ብሎ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ባይመስል ነው የሚጠበቀው።

እዚህ ያልደረስንበት የበርሜሉ ነገር ነው። ቦርዶ ላይ ደህናው ወይን 225 ሊትር በሚይዝ የኦክ በርሜል ውስጥ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይቆያል። ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ድፍርሱን ለማጥራት የዕንቁላል ነጭ የሚጨምሩ ቤቶች አሉ፤ ለአንድ በርሜል አምስት ስድስት ዕንቁላል። ፕሮቲኑ ታኒኑን ይዞ ይዘቅጣል፣ ወይኑ ይለሰልሳል። ይህን በብርጭቆ መሞከር አይቻልም። ማለቴ፣ ይቻል ይሆናል፤ ዕንቁላሉን ለማባከን የተስማማ ግን አልተገኘም።

ኮካ የምትቀላቅሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አልፈርድም። ስኳሩ ታኒኑን ስለሚሸፍነው ነው የሚጥማችሁ። ታኒኑን ካልወደዳችሁ ግን ኮካውን ከማፍሰስ በፊት ከሥጋ ጋር ሞክሩት። እኛ 70 በ30ውን ከጥብስ ጋር ስንደግመው ያ ድርቀት ግማሹ ጠፋ፤ ፕሮቲኑና ስቡ ይዘውታል። ከሽሮ ጋር ግን አልሄደም፤ በርበሬው የአልኮሉን ማቃጠል አባሰው። በጾም ወቅት ካቤርኔውን ተዉትና ሜርሎውን ክፈቱ።

ለሚቀጥለው የተያዘው ዕቅድ ጠርሙሱን በጋዜጣ ሸፍኖ መቅመስ ነው። 70 በ30ን የመረጥኩት በምላሴ ይሁን ባነበብኩት ማየት እፈልጋለሁ፤ እኩል በእኩል የምትለዋ ልጅም ተዘጋጅታበታለች። ኮምቦልቻ ነው የምንገናኘው፤ የምትመጡ ብርጭቆ ይዛችሁ ኑ፣ ሰፋ ያለ ይሁን፣ የቢራ ድራፍት ብርጭቆ ግን አይሆንም።