የእህቴን አሮጌ ላፕቶፕ በሬጅስትሪ ክሊነር ላፍጥን ብዬ የገጠመኝ

ታላቅ እህቴ አካውንታንት ናት፣ ቤት ይዛው መጥታ የምትሰራበት ላፕቶፕ በፈረንጆቹ 2012 የተሰራ፣ ኮር አይ3፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ነው። አንድ ቀን "ኧረ ይሄን ነገር እይልኝ፣ ጠዋት ከፍቼው ቁርስ በልቼ ስመለስ ገና እየዞረ ነው" አለችኝ። በስልኬ ሰዓት ያዝኩለት፣ ከተከፈተ ጀምሮ ኤክሴል እስኪመጣ 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀ።

እኔም ነፃ የሆነ ሬጅስትሪ ክሊነር አውርጄ ጫንኩበት፣ ሬጅስትሪ ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡበት መዝገብ ነው፣ ክሊነሩ ደግሞ ከዛ ውስጥ አያስፈልግም ያለውን የሚያጠፋ ፕሮግራም ነው። ስካን አድርጎ ሲጨርስ በቀይ 1,347 ችግር አገኘሁ አለኝ፣ እውነቴን ነው ደነገጥኩ፣ ሁሉንም አስተካክል የሚለውን ነካሁና ሪስታርት አድርጌ ድጋሚ ለካሁት፣ 6 ደቂቃ ከ15። በቃ 5 ሰከንድ ናት ልዩነቱ።

በማግስቱ ከቢሮ ደወለች። "አንተ ምን ነካክተህብኝ ነው? ፒችትሪ አልከፈትም አለኝ እኮ!" ፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራሟ ነው፣ ወር መጨረሻ ነው፣ ፔይሮል መሰራት አለበት፣ ድምጿ ራሱ ተቀይሯል። ክሊነሩ ማንም አይጠቀምበትም ብሎ ካጠፋቸው ውስጥ ያ የድሮ ፕሮግራም ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያውቅበት መረጃ ነበረበት፣ ክሊነር ደግሞ የቱ ቆሻሻ የቱ ደግሞ የሚያስፈልግ እንደሆነ በግምት ነው የሚለየው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያሉት ደግሞ እንደዚህ አይነት የቆዩ ፕሮግራሞች ናቸው፣ ሲዲው የጠፋ፣ ድጋሚ ልጫን ቢሉት የማይገኝ። ደግነቱ ከማጥፋቱ በፊት ባክአፕ ልያዝ ወይ ሲለኝ አዎ ብዬው ነበር። ማታ ያን የባክአፕ ፋይል ፈልጌ ደብል ክሊክ አድርጌ መለስኩት፣ ሪስታርት ካደረግኩ በኋላ ፒችትሪ ተከፈተ፣ ያኔ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ከዛ ያ ባክአፕ ስንት ነው ብዬ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሳይ 310 ኪሎባይት! 1,347 ችግር የተባለው ሁሉ ተደምሮ ከአንድ የስልክ ፎቶ ያንሳል። ሬጅስትሪው ራሱ በአብዛኛው የሚቀመጠው ሲስተም32 ውስጥ ኮንፊግ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፣ ሶፍትዌር የሚለው ፋይል ብቻውን ከ70 ሜጋ በላይ ነበር። ደግሞም አንድ ፕሮግራም ሲከፈት የራሱን ቦታ ሄዶ ያነባል እንጂ ሬጅስትሪውን ከላይ እስከ ታች አያገላብጥም፣ ስለዚህ የተራረፈ ነገር ቢኖርም የሚታወቅ ያህል አያዘገየውም። ማይክሮሶፍት ድሮ ሬግክሊን የሚባል የራሱ ነበረው፣ ትቶታል፣ አሁን ክሊነር መጠቀምን እንደማይደግፍ በግልፅ ፅፏል። ሌላው ደግሞ ዊንዶውስ 10 ከ1803 ቨርዥን ወዲህ የሬጅስትሪውን ቅጂ በራሱ መያዝ አቁሟል፣ ሪስቶር ፖይንት (ዊንዶውስን ወደነበረበት የሚመልስ ቅጂ) ካልፈጠራችሁ መመለሻ ላይኖራችሁ ይችላል።

ታዲያ ያዘገየው ምንድነው? ታስክ ማናጀር (የቱ ክፍል ስራ እንደበዛበት የሚያሳየው) ከፍቼ አየሁት፣ ሲፒዩው 15 ፐርሰንት አካባቢ፣ ዲስኩ ግን 100 ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። ይሄን መጀመሪያ ነበር ማየት የነበረብኝ። ሃርድ ዲስኩ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞረው አይነት ነው፣ ጆሮ ጠጋ ሲደረግ ሲንኳኳ ይሰማል፣ ምስኪኑ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ሲሮጥ ነው የሚውለው። ስታርትአፕ ላይ ራሳቸውን የሚከፍቱ 9 ፕሮግራሞች ነበሩ፣ 7ቱን ዲሴብል አደረግኩ፣ ያለምንም ወጪ ወደ 4 ደቂቃ ከ40 ወረደ። ከዛ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ገዝቼ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳለ ክሎን አደረግኩበት፣ የተያዘው 90 ጊጋ ስለነበር ተመቸኝ፣ ፒችትሪም ምንም ሳይነካ እንዳለ መጣ። 48 ሰከንድ! እህቴ "ይሄ የኔ ነው?" አለች። በኋላ ራሙንም 8 አደረግኩት፣ እሱ ኤክሴልና ክሮም አንድ ላይ ሲከፈቱ ነው ጥቅሙ የታየው።

ክሊነሩን የዛኑ ቀን አንኢንስቶል አድርጌዋለሁ፣ ያለባችሁም አጥፉት ነው የምለው፣ ለሱ ፕሮ ቨርዥን የምትከፍሉትን ለኤስኤስዲ አጠራቅሙ። የወጣውን ሃርድ ዲስክ ኬዝ ገዛሁለትና አርብ አርብ የፒችትሪውን ባክአፕ እንገለብጥበታለን።