ወንበሩ «እሱ» ሲሆን

የጀርመንኛ አስተማሪያችን ወንበሯ ጠፍቷት ክፍሉን ታስሳለች። ወንበሩ ደግሞ እኔ ስር ነው። ስገባ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ሳብ አድርጌ ቁጭ ብዬበታለሁ። ማመኔ ካልቀረ በጥሩ ጀርመንኛ ልመን አልኩ። ወንበር «ዴር ሽቱል» ነው፣ ወንድ። ወንድ ከሆነ «ኤር» እንለዋለን። «አውፍ» ማለት «ላይ» ነው፤ ቁጭ ብያለሁ፣ የትም አልሄድኩም፣ ስለዚህ ተውላጠ ስሙ ዳቲፍ የሚሉትን መልክ ይይዛል። «ኤር» በዳቲፍ «ኢም»። በልቤ አሰላሁና ኮራ ብዬ «ኢሽ ዚጸ አውፍ ኢም» አልኩ።

እሱ ላይ ተቀምጫለሁ።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። አጠገቤ የነበረው ግዙፉ የክፍል ጓደኛችን «እኔ የለሁበትም» በሚል ሁለት እጁን አነሳ።

የሚገርመው ስሌቴ ልክ ነበር። ጾታው ልክ፣ ዳቲፉም ልክ። ችግሩ ሌላ ነው። ጀርመንኛ መስተዋድድና ተውላጠ ስም ጎን ለጎን ሲመጡ፣ ጆሮ መጀመሪያ የሚያስበው ሰው ነው። ለዕቃ ሲሆን ተውላጠ ስሙን ይተዉና «ዳ» የምትል ቁራጭ ከመስተዋድዱ ፊት ይለጥፋሉ። «ሚት» (ከ... ጋር) ይሆናል «ዳሚት»፣ «ፊዩር» (ለ) ይሆናል «ዳፊዩር»። መስተዋድዱ በአናባቢ ከጀመረ መሀል ላይ «ር» ትገባለች፤ «አውፍ» ላይ ሲደርስ «ዳራውፍ» የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔ ማለት የነበረብኝ «ኢሽ ዚጸ ዳራውፍ» ነበር። ጥያቄም ላይ ያው ነው። የምትጠብቀው ሰው ከሆነ «አውፍ ቬን?» ይሉሃል፣ ነገር ከሆነ «ቮራውፍ?»።

ከዚያ ቀን በፊት የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር። አማርኛ ላይ እኔ እኔ ነኝ። ለእኔ፣ ከእኔ፣ ያለ እኔ፣ ስለ እኔ፤ ፊቱ የፈለገው ፊደል ቢመጣ ንቅንቅ አልልም። ጀርመንኛ ላይ ግን «ኢሽ» መስተዋድድ ባየ ቁጥር ልብሱን ይቀይራል። ከ«ፊዩር»፣ «ኦነ»፣ «ዱርሽ»፣ «ጌገን» እና «ኡም» በኋላ «ሚሽ» ነው። ከ«ሚት»፣ «ፎን»፣ «ባይ»፣ «ጹ»፣ «አውስ»፣ «ናኽ» እና «ዛይት» በኋላ ደግሞ «ሚር»። ይሄ ሽምደዳ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እኔ ዝርዝሩን በቃሌ ይዤ ሳወራ ግን አልደርስበትም ነበር። ያዳነኝ ጥንድ ጥንዱን እንደ አንድ ቃል መያዝ ነው። «ሚትሚር»። «ኦነዲሽ»። «ፎንኡንስ»። አሁን «ሚት ሚሽ» ስሰማ ጥርሴን የነኩኝ ያህል ነው።

ዋናው ጣጣ ያለው ሁለት ፊት ያላቸው 9ኙ መስተዋድዶች ጋ ነው፤ አንዴ «ሚሽ»ን፣ አንዴ «ሚር»ን የሚጠሩት። «ኔበን»ን ውሰዱ፣ አጠገብ ማለት ነው። እኛ «አጠገቤ ተቀመጥ» እንላለን፣ «አጠገቤ ተቀምጧል»ም እንላለን። አጠገቤ ያው አጠገቤ ነው። ጀርመኑ ግን ሰውየው ገና እየመጣ ነው ወይስ ደርሶ አርፏል ብሎ ይጠይቃል። እየመጣ ከሆነ «ኔበን ሚሽ»፣ ካረፈ «ኔበን ሚር»። የምትለወጠው እኮ እኔ ነኝ! የተንቀሳቀሰው እሱ፣ ልብስ የቀየርኩት እኔ።

በዚህ ሕግ ተማምኜ ደግሞ ሌላ ጉድ ውስጥ ገባሁ። «ቫርተን» መጠበቅ ነው፣ ከ«አውፍ» ጋር ይሄዳል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ቆሟል፣ ስለዚህ «አውፍ ዲር» አልኩ። አይደለም፣ «አውፍ ዲሽ» ነው። እንዲህ ግሱ ራሱ መስተዋድድ መርጦ ሲይዝ የመንቀሳቀስና የመቆሙ ነገር አይሠራም። ከነጋብቻው ማጥናት ነው። አማርኛ ያለ ምንም መስተዋድድ «እየጠበቅኩህ ነው» ብሎ ይገላገላል፤ አንተን ግሱ ጅራት ላይ ሰክቶ። «ጸልይልኝ» ላይ ደግሞ «ለ»ም እኔም አንድ ላይ ግሱ ውስጥ ገብተናል። እዚያ ተደብቀን ስለኖርን ነው መሰለኝ ጀርመንኛ ላይ ወጥተን መቆም የከበደን።

«እኔ ጋ»ም የራሱ ወጥመድ አለው። «እኔ ጋ ና» እና «እኔ ጋ ነው ያለው» ለእኛ አንድ «እኔ ጋ» ናቸው። ለነሱ ና ሲባል «ጹ ሚር» ነው፣ ሲኖር «ባይ ሚር»። ለአንዲት ጓደኛዬ «ኮም ባይ ሚር» ብዬ ጻፍኩላት። ገብቷት መጣች። ከመቀመጧ በፊት ግን አረመችኝ።

ወደ አስተማሪዬ ልመለስ። ከወንበሩ ጉድ በኋላ ሕጉን እንደ ጸሎት ያዝኩት። ሰው ከሆነ ተውላጠ ስም፣ ዕቃ ከሆነ «ዳ»። አንድ ቀን ቦርሳዋን ስታምስ «ኦነ ዚ ካን ኢሽ ኒሽትስ ሌዘን» አለች። ያለ እሷ ምንም ማንበብ አልችልም። እኔ ታዲያ ሕግ አዋቂዋ ደነገጥኩ። ረዳት አላት እንዴ? «ማናት እሷ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ቀና ብላ አየችኝና መነጽሯን ከቦርሳዋ ጎትታ አወጣች። መነጽር «ዲ ብሪለ» ነው፣ ሴት። «ኦነ» ደግሞ ከ«ዳ» ጋር አይጣበቅም።

«ይቺ ናት» አለች፣ አይኗ ላይ እያደረገቻት።