ቋጠሮ ያለበት ክር

ገበያ በወጣሁ ቁጥር ከመታወቂያዬና ከቤት ቁልፌ ጋር ከቦርሳዬ የማይለይ አንድ ነጭ የጥጥ ክር አለ። ርዝመቱ አራት ሜትር ያህል ሲሆን በላዩ ላይ ስድስት ቋጠሮዎች አሉት። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ያለው በሳሎናችን ጥግ ባዶውን የቆመው የመደርደሪያ ቦታ ስፋት ነው፤ እስከ ሁለተኛው ያለው የመኝታ ክፍሉ መስኮት ወርድ፣ እስከ ሦስተኛው ያለው ደግሞ ከመጋረጃው ዘንግ እስከ ወለሉ ድረስ ያለው ቁመት ነው። አራተኛውና አምስተኛው የግድግዳዎቹ ልኮች ናቸው። ስድስተኛው የምን ልክ እንደሆነ ረስቼዋለሁ፤ ልፈታው ግን አልደፈርኩም፤ በፈታሁት ማግስት ትዝ እንደሚለኝ አውቃለሁና።

ክሩን መያዝ የጀመርኩት በርካሽ ያገኘሁት መጋረጃ ካዋረደኝ በኋላ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ከሰልባጅ ተራ፣ ቦንዳ ሲፈታ ደርሼ፣ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ሳያሳርፉበት ያነሣሁት ጥቁር ቀይ መጋረጃ ነበር። በድል አድራጊነት ስሜት ቤት አምጥቼ ስሰቅለው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ፤ ባለቤቴም «ጎርፍ ፈርቶ ሱሪውን ሰበሰበ» ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ብትኖር ይህ አይደርስብኝም ነበር። እርሷ ጨርቅ የምታስገዛው በክንድ ስለነበር፣ ገበያ የምትልከው ሁልጊዜ ከጎረቤቶቻችን ሁሉ ክንዱ የረዘመውን ሰው ነበር፤ ነጋዴዎቹም ይህን ዘዴዋን ስለሚያውቁ ያ ሰው ብቅ ሲል «ሌላ ሰው ይለካ!» እያሉ ይጮኹ እንደነበር እየሳቀች ትነግረን ነበር።

ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ከእናቴ የወረስኩት፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ ማድ ቤቱ በጓሮ የሆነ የጭቃ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከተማዋን ለቀን ወጥተን በታኅሣሥ ስንመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ኮርኒሱ ተቀዶ፣ መጋረጃውም ብርድ ልብሱም፣ የሽሮ ድስቱ ሳይቀር ጠፍቶ አገኘነው። ደሴ የሚለውን ስም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደስታ ጋር አያይዘው አወጡት ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ በዚያ ታኅሣሥ ግን ስሙ የሚያፌዝብን ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ምንም ሳንነካ ኖርን። «ገንዘብ ሲገኝ ሁሉንም ባንድ ጊዜ እናድሰዋለን» እንል ነበር። ገንዘቡ ግን የትምህርት ቤት ወጪና የሐኪም ቤት ወረፋ እየቀደመው አልመጣም፤ እኛም በተቀደደ ኮርኒስ ሥር ቁጭ ብለን ስለ ሴራሚክ ወለል እንነጋገር ነበር። ያን ጊዜ ሳስታውሰው የሚቆጨኝ ድህነታችን አይደለም፤ ትልቁን እየጠበቅን ትንሹን መናቃችን ነው።

የማስተምረው በፈረቃ ስለሆነ፣ የከሰዓት ተራ ሲደርሰኝ ሰኞ ጠዋት የእኔ ናት። ሁለተኛውን መጋረጃ የገዛሁትም በእንዲህ ያለ ጠዋት ነው። ወፍራም፣ ወተት የመሰለ፣ በሁለት እጄ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ ስይዘው ብርሃኑን የሚያሳልፍ የጣቴን ጥላ ግን የማያሳይ ጨርቅ ነበር። ክሬን ዘረጋሁበት፤ ለሦስተኛው ቋጠሮ አራት ጣት ጎደለው። ነገር ግን የታችኛውን ቅምቅማት ገልበጥ ሳደርገው በውስጡ አንድ ስንዝር የታጠፈ ጨርቅ አገኘሁ፤ ከተፈታ ይበቃል ማለት ነው። ይህን ያየሁትን ነገር ከፊቴ ላይ ማጥፋት የገበያው ግማሽ ሥራ ነበር።

«ስንት ነው ወንድምዓለም?»

«ዘጠኝ መቶ። ለአንቺ ነው እንጂ ሺህ ነበር።»

«ያጥራል እኮ። የእኔ መስኮት ረጅም ነው።»

«እቴ፣ መስኮቱን አሳጥሪዋ!»

አራት መቶ አልኩት፤ የገዛሁበትም አይደለም ብሎ ማለ። ጥዬው ሦስት እርምጃ ሄድኩ፤ አልጠራኝም። ሌላ ሦስት እርምጃ ሄድኩ፤ አሁንም አልጠራኝም፤ በዚህ ጊዜ ሆዴ ባባ። የሚቀጥለውን ሻጭ ሻርፕ እንደሚመርጥ ሰው እየነካካሁ ቆሜ ሳለሁ «በቃ ነይ፣ የጠዋት ማሟሻዬ ነሽ፣ አምስት መቶ ሃምሳ ውሰጂው» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። በሦስት መቶ ሃምሳ ብር ቅናሽ ሰው ይህን ያህል ሊደሰት ይችላል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ደስታው በብሩ መጠን የሚለካ አይመስለኝም። ክሩ ባይኖር ኖሮ ያ መጋረጃ ለእኔም አጭር መጋረጃ ብቻ ይሆን ነበር።

ከሸክላ ሠሪ ሴት ጋር ግን አልከራከርም። አፈሩን ቆፍራ፣ አቡክታ፣ ቀርፃ፣ በእሳት አብስላ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችን እናት አሥር ብር አስቀንሶ መሄድ ቁጠባ ሆኖ አይታየኝም። በዋጋው የማልከራከረውን ያህል በዕቃው ላይ ግን እጨክናለሁ፤ ጀበናውን በግራ እጄ አንገቱን ይዤ በጣቴ መገጣጠሚያ ሆዱን ኳ ኳ አደርገዋለሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ደፈን ያለ፣ በሳል የታመመ ሰው ድምፅ ከሰጠ ግን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ሴትየዋም ይህን ስታይ ራሷ ጆሮዋን አቅንታ ታዳምጣለች እንጂ አትቆጣም።

ባቲም የሚቆመው ሰኞ ስለሆነ ሁለቱን ገበያዎች ባንድ ቀን ማዳረስ አይቻልም። የካቲት ላይ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አንድ ሰኞ ለባቲ ሰጠሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ነው፤ ጠዋት 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ባቲ ሲደርስ ጋቢውን ጠቅልሎ በብብቱ ይይዛል። አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋና ከወይና ደጋ እህሉን ጭኖ የሚገናኝበት ገበያ ነው። እኔ የሄድኩት ለሰሌን ነበር። የአፋር ሴቶች ከዘንባባ የሚሠሩትን፣ ሲዘረጋ ደረቅ ሣር የሚሸትተውን ሰሌን፣ ከአምስተኛው ቋጠሮ ጋር እያስተያየሁ መረጥኩ። ሻጯና እኔ በቋንቋ ስለማንግባባ ክርክሩ የተካሄደው በጣት ነው፤ ክሬን ስታይ ግን ገባት መሰለኝ፣ ሁለተኛውን ጫፍ ይዛ አብራኝ ለካች። ዛሬ ሰሌኑ ሳሎናችን ውስጥ ተነጥፏል፤ ጫማ ሳያወልቅ የሚረግጠውን ሰው በዓይኔ እቀጣዋለሁ።

የግድግዳው ነገር ከዚህ ሁሉ የከበደ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ጋሎን የፋብሪካ ቀለም ጠይቄ ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁ። ቀለሙ ቢገኝም የታችኛው ግድግዳችን ቀለም የሚይዝ አልነበረም። ከዓመት በፊት አንድ ግንበኛ «ጭቃው እንዳይበላ» ብሎ ከወለሉ ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ በሲሚንቶ ለስኖት ነበር። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት አይላወስም፣ እርጥበቱንም አያስወጣም። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነሥቶ፣ አንድ ሌሊት ገሚሱ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ሲወድቅ ሌባ የገባ መስሎን ተነሣን። ግንበኛው ስልኬን አላነሣም፤ ለሥራው የከፈልኩት ገንዘብ አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሲሚንቶውን ሙሉ በሙሉ አራግፈን፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ መልሰን መርገን፣ ከደረቀ በኋላ ወደ ኖራ ተመለስን። ኖራ የአያቶቻችን ቀለም ነው፤ ሰው የድሃ ቀለም ነው ብሎ ሲንቀው ይገርመኛል። የመጀመሪያውን ጊዜ አበላሸሁት፤ ቶሎ ይንጣልኝ ብዬ እንደ እርጎ አወፍሬ ስቀባው በሳምንቱ እየተሰነጣጠቀ ረገፈ። ጓንት ስላላደረግሁም የጣቶቼ ቆዳ ተላጠ። ሁለተኛ ጊዜ ብልሃቱን ጠይቄ ገባሁበት። ኖራውን አመሻሽ ላይ በፕላስቲክ በርሜል ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ በማግስቱ በአሮጌ ነጠላ አጥልዬ፣ ግድግዳውን እንዲይዝ አንድ እፍኝ ጨው ጨመርኩበትና እንደ ወተት እስኪሆን አቀጠንኩት። ከዚያ ግድግዳውን በውሃ አርጥቤ፣ ጓንት አድርጌ፣ ዓይኔን እየጠበቅሁ ቀባሁ። የመጀመሪያው ቅብ ምንም አይታይም፤ ግድግዳው የረጠበ ግራጫ መስሎ ይቀራል፤ ባለቤቴም በሩ ላይ ቆሞ «ውሃ ነው የቀባሽው?» አለኝ። እኔም ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር። ነገር ግን ወደ ቀትር ሲሆን፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ደረቅ ጥግ ጀምሮ፣ ንጣቱ ቀስ እያለ እንደ ጎሕ እየወጣ ግድግዳውን ሞላው። ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ወደ ድንጋይነት ስለሚለወጥ፣ ቀን በገፋ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። ሦስት ቅብ ቀባሁት። ወደ ማታ የበራው አንድ አምፖል ያን ዕለት እንደ ሁለት አምፖል ሆኖ ታየኝ።

ኮርኒሱን በአቡጀዲ አደረግነው። ክፍሉ ርዝመቱ አራት፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ተኩል ነው፤ የአቡጀዲው ወርድ ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አምስት ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ለማጠፊያው ጭምር ለእያንዳንዱ 3.80 ሜትር ቢባል 19 ሜትር ይመጣል፤ አንድ ሜትር ለመጠባበቂያ ጨምሬ 20 ገዛሁ። ከመቁረጤ በፊት አጥቤ አደረቅሁት፤ ጥጥ ውሃ ሲነካው ያጥራልና፣ ማጠሩንም ኮርኒስ ከሆነ በኋላ ሳይሆን ከመሆኑ በፊት ቢጨርስ ይሻላል። አዛምጄ ከሰፋሁት በኋላ ባለቤቴና ወንድሙ በወንበር ላይ ቆመው በምስማር መቱት፤ መሐሉ ትንሽ ተንጠልጥሎ ስለነበር ከታች ሆኜ ውሃ ረጨሁበት። የቀረችውም የማጠር ዐቅሙ ሥራዋን ሠርታ፣ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሰው ከጎረቤት ክፍል ሆኖ የሚያወራውን ያህል ብቻ ይሰማናል።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን የሆኑት አዛውንት እናት ቡና ሊጠጡ መጡ። ዕጣኑ እየጨሰ፣ በአቦልና በቶና መካከል ኮርኒሱንም፣ ግድግዳውንም፣ መጋረጃውንም በዓይናቸው አዳረሱ፤ ስለ አንዱም ምንም አላሉም። በረካው ደርሶ፣ ቤቱን መርቀው፣ እኛም አሚን ብለን ሊነሡ ሲሉ ብቻ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀመጥኩትን ክር አነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኸን እስከ ሐሙስ ታውሺኛለሽ? ልጄ አልጋ ላሠራልሽ ብሎ ልክ አምጪ ቢለኝ ግራ ገብቶኛል።»

«ይውሰዱት እማማ» አልኳቸው።

ሐሙስ ማታ መለሱልኝ። ቋጠሮዎቹ ዘጠኝ ሆነዋል፤ የትኛው የእኔ መስኮት፣ የትኛው የእርሳቸው አልጋ እንደሆነ ለመለየት ቤቱን እንደገና መለካት ግድ ሆኖብኛል። እርሳቸው ግን ያን ምኑንም የማላስታውሰውን ስድስተኛውን ቋጠሮ በጣታቸው ይዘው «ይኸኛው ላልቶ ሊፈታብሽ ነበር፤ አጠበቅሁልሽ» አሉኝ።